ለሚያቀረሽ ሕፃን የቱ ይሻላል? የአንገት ካይሮፕራክቲክ፣ የአመጋገብ ለውጥ ወይስ መድኃኒት

ሕፃኑ ጠብቶ ሳይጨርስ ያቀረሻል፣ ጀርባውን ለጥጦ ይጮሃል፣ ገና ሲያስተኙት ይነቃል። ሐኪም ቤት ሲወሰድ «ሪፍለክስ (የጠባው ከጨጓራ ሽቅብ መመለስ) ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል። እንቅልፍ ላጣ ወላጅ ግን ነገ ሌሊትም ሩቅ ነው። በዚህ መሀል አንዱ «የኛን ልጅ ካይሮፕራክተር (አከርካሪና መገጣጠሚያ በእጅ የሚያስተካክል ባለሙያ) አንገቱን አስተካክሎለት ዳነ» ይላል፤ ሌላው የዱቄት ወተቱን ቀይሩ ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ ለልጇ ኦሜፕራዞል የተባለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ታዞላት እንደነበር ትናገራለች። ሁሉም በቅንነት ነው የሚመክሩት፤ ምርጫው ግን እናንተ ላይ ይወድቃል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለሪፍለክስ ተብሎ የሕፃን አንገት መጠምዘዝ ወይም መጫን የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሙያውን በጅምላ ለመኮነን አይደለም፤ ወገቡን የሚያመው አዋቂ ካይሮፕራክተር ጋ ሄዶ ቢሻለው አያስገርመኝም። የአራስ ልጅ አንገት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምክንያቴን ከሌሎቹ አማራጮች ጋር አነጻጽሬ አቀርባለሁ፤ መዝኑት።

ወተቱ ለምን ይመለሳል?

ጉሮሮ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ጡንቻ አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ይህ ጡንቻ በማንኛውም ሰው ላይ ምንም ሳይዋጥም አልፎ አልፎ ለአፍታ ይላላል። አዋቂ ሰው ቀኑን ቆሞ ወይም ተቀምጦ ስለሚውል፣ ምግቡም በአብዛኛው ጠጣር ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። ሕፃን ግን የሚመገበው ፈሳሽ ብቻ ነው። ለክብደቱ ሲታይ የሚወስደው መጠን እጅግ ብዙ ነው፣ ጉሮሮው አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ተጋድሞ ነው የሚያሳልፈው። ጡንቻው ለአፍታ በላላ ቁጥር ወተቱ ሽቅብ ይመጣል።

በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የ948 ጤነኛ ሕፃናትን ወላጆች ጠይቆ ነበር። ከ3 ወር በታች ካሉት ሕፃናት ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። 4 ወር ላይ ቁጥሩ ወደ 67 በመቶ ይወጣል። ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዟቸው፤ የአማራጮቹ ሁሉ ፍርድ በእነሱ ላይ ነው የሚቆመው። ወላጅ መፍትሔ ፍለጋ የሚሯሯጠው ነገሩ በጣም ሲብስ ነው፤ የሚብሰውም በ4ኛው ወር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። በዚያ ሰሞን የአንገት ሕክምና ቢደረግለት፣ ጠብታ ቢሰጠው፣ ጡጦ ቢቀየርለት ወይም ምንም ባይደረግለት አብዛኛው ሕፃን በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት እየተሻለው ይሄዳል። «ወስደነው በሳምንቱ ተሻለው» የሚል ወላጅ አልዋሸም፤ ነገር ግን ባይወስደው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንድ ሕክምና መሥራቱን ለማወቅ ሕክምናውን ያላገኙ ሌሎች ሕፃናት አብረው መታየት አለባቸው።

አንድ ልዩነትም አለ። እያቀረሸ ክብደቱ በደንብ የሚጨምር፣ ከጠባ በኋላ የሚረጋጋ ሕፃን ታማሚ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ልብስ ማጠቡ ነው። በሽታ የሚባለው አሲዱ ጉሮሮን ሲያቆስል፣ ሕፃኑ መመገብ እምቢ ሲል፣ ክብደት መጨመር ሲያቆም ወይም አተነፋፈሱ ሲታወክ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕክምና አያስፈልጋቸውም።

ከምርጫ በፊት የሚቀድመው

የሚከተሉት ካሉ ንጽጽሩን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ በዚያው ሰዓት መሄድ ያስፈልጋል፤ አንጀት ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ሰዓታት የሚወስኑት ነገር ነው። ከተወለደ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትውከቱ በኃይል እየተፈናጠረ ርቆ የሚወድቅ ከሆነና ሕፃኑ ወዲያው እንደገና የሚራብ ከሆነ፣ የጨጓራው መውጫ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚድን ችግር ነው። ደም ያለበት ትውከት ወይም ሰገራ፣ ትኩሳት፣ የተነፋ ሆድ፣ ያበጠ እርግብግቢት፣ ለማንቃት የሚያስቸግር ድካም፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የሽንት መቀነስ፣ የክብደት መቆም፣ እንዲሁም ከ6 ወር በኋላ አዲስ የጀመረ ማስመለስ ሁሉም መመርመር አለባቸው።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐኪም ቤት ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ሕክምና ትልቁ አደጋው ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ራሱ አይደለም፤ እውነተኛው በሽታ የሚታወቅበትን ቀን ማዘግየቱ ነው።

የአንገት ካይሮፕራክቲክ፦ ምን ይላል፣ ምንስ ተረጋገጠ?

ካይሮፕራክቲክ በ1895 በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የጀመረው ሙያ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ የአከርካሪ አጥንት ትንሽ ሲዛነፍ ነርቭ ይጫናል፣ የተጫነው ነርቭም ሩቅ ያለ የአካል ክፍልን ያውካል የሚል ነበር። ዛሬ ይህን ሐሳብ የማይቀበሉ ካይሮፕራክተሮች አሉ፤ ለሕፃናት ሪፍለክስ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን አሁንም በአብዛኛው በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ጭንቅላቱ ተስቧል፣ የላይኛው የአንገት አጥንት ተዛንፏል፣ ስለዚህም ጨጓራን የሚያዝዘው ቬገስ የተባለው ነርቭ ተቆንጥጧል ይባላል።

ቬገስ የጉሮሮንና የጨጓራን እንቅስቃሴ እንደሚቆጣጠር እውነት ነው። ችግሩ ነርቩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ቬገስ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በራስ ቅል ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣል፤ ከዚያ በአንገት ፊት ለፊትና ጎን በኩል ከትልልቆቹ የደም ሥሮች ጋር አብሮ ወደ ደረት ይወርዳል። በአንገት አጥንቶች መካከል ሾልኮ አይወጣም። አጥንት ተዛንፎ ቆነጠጠው የሚለው ማብራሪያ ከአካላችን አሠራር ጋር አይገጥምም። ከዚህም ሌላ፣ የጡንቻው ለአፍታ መላላት በጤነኛ ሕፃን ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ የሚቃና ስብራት ወይም ውልቃት የለም።

ማብራሪያው ስህተት ሆኖም ሕክምናው ሊሠራ ይችላል፤ በሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ስለተከሰተ ማስረጃውንም ማየት ተገቢ ነው። ለሪፍለክስ በተለይ የሚቀርበው በአብዛኛው የነጠላ ሕፃናት ታሪክ ነው፤ ማነጻጸሪያ የለውም። የተሻለ የተጠናው ለቅሶ የሚያበዙ ሕፃናት ጉዳይ ነው። በኖርዌይ ተደርጎ በ2001 የታተመ ጥናት ገሚሶቹን ሕፃናት ካይሮፕራክተር እንዲያክማቸው፣ ሌሎቹን ነርስ ዝም ብላ እንድትይዛቸው አደረገ፤ ወላጆች የትኛው እንደተደረገ አልተነገራቸውም። በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ2012 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም 6 ጥናቶችን በ325 ሕፃናት ላይ ሲገመግም ለቅሶ የቀነሰ መስሎ ታይቷል፤ ወላጆች ልጃቸው መታከም አለመታከሙን ያላወቁባቸው ጥናቶች ብቻ ተለይተው ሲታዩ ግን ውጤቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። በ2021 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የታከሙት ሕፃናት ለቅሶ በቀን በ1 ሰዓት ተኩል ያህል ቀነሰ፤ ያልታከሙትም በ1 ሰዓት ያህል ቀነሱ። የጊዜን ኃይል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማምጣት አልችልም።

ስለ ጉዳቱ እውነቱን እንናገር፤ ከባድ ጉዳት በተደጋጋሚ አልተመዘገበም። በ2007 የታተመ የሕክምና መዛግብት ፍተሻ በልጆች ላይ ከተደረገ የአከርካሪ ማስተካከል ጋር የተያያዙ 14 የጉዳት ሁኔታዎችን አገኘ፤ 9ኙ ከባድ ነበሩ፣ ከእነሱም መካከል በአንጎል ዙሪያ የደም መፍሰስና የእግር ሽባነት ይገኙበታል። ሌሎች 20 ልጆች ላይ ደግሞ ትክክለኛው በሽታ የታወቀው ዘግይቶ ነበር፤ ወይም ጨርሶ ሊደረግላቸው የማይገባ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። በዓለም ላይ ከሚታከሙት ልጆች ብዛት አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፣ የአንገቱ ጡንቻ ገና አልጠነከረም፣ ጅማቶቹ ልል ናቸው፣ የሚያመውንም መናገር አይችልም። ጥቅሙ ላልታየ ነገር ትንሿንም አደጋ መቀበል ለምን ያስፈልጋል?

አውስትራሊያ ውስጥ የሆነው ነገር ለወላጅ ጠቃሚ ምሳሌ ነው። የ2 ሳምንት ሕፃን ተዘቅዝቆ የሚታይበት የካይሮፕራክቲክ ቪዲዮ ሕዝቡን ካስቆጣ በኋላ፣ የሀገሪቱ የካይሮፕራክቲክ ቦርድ በመጋቢት 2019 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አከርካሪ ማስተካከል እንዲቆም ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ። በቪክቶሪያ ግዛት የተደረገው ግምገማ ስለ ጉዳት ትንሽ ማስረጃ እንዳለ፣ ስለ ጥቅም ያለው ማስረጃም ደካማ እንደሆነ አረጋገጠ። ቦርዱ በ2023 መጨረሻ ክልከላውን አነሳ፤ በ2024 የጤና ሚኒስትሮች ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ መልሶ አጸናው። የራሱ የሙያው ተቆጣጣሪ አካል እንኳ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አቁሙ ብሎ ያውቃል ማለት ነው።

«እኛ አንጠመዝዝም፣ በጣት ጫፍ ብቻ ነው የምንነካው» የሚሉ አሉ። በእርግጥ በጣት ጫፍ ለስላሳ መንካት አንገት ይጎዳል ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ንክኪ ወላጅ በገዛ እጁ ከሚሰጠው ማሻሸት የተሻለ መሆኑ አልታየም፤ ገንዘብና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ግን ይጠይቃል፣ የሐኪሙንም ቀጠሮ ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ኦስቲዮፓቲና የራስ ቅል ማሻሸት የሚባሉት ሌሎች የእጅ ሕክምናዎችም በዚህ ንጽጽር ከዚሁ መደብ ናቸው፤ የምለው ተመሳሳይ ስለሆነ አልደግመውም።

አንገቱ እውነትም የሚያስቸግር ሲሆን

ብዙ ወላጆች ወደ አንገት ሕክምና የሚያዘነብሉት አንድ ነገር ስላዩ ነው፤ ሕፃኑ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ያያችሁት እውነት ሊሆን ይችላል። መንስኤው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው በአንገት ጎን ያለው ጡንቻ ማጠር ነው። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ አገጩ ወደ ሌላኛው ይዞራል፣ አንዱን ጡት መያዝ ሊያስቸግረው ይችላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ በሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጥ ቀስ ያለ የማሳሳብ እንቅስቃሴ፣ ሲነቃ በሆዱ ማስተኛት፣ ወደማይዞርበት ጎን እንዲያይ ማባበል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከተጀመረ ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው። ባለሙያው ከማሳሳቡ በፊት መንስኤው የአጥንት ወይም የነርቭ ችግር አለመሆኑን ይመረምራል፤ በኃይል የሚደረግ ማስተካከል ግን በሕክምናው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ሳንዲፈር ሲንድሮም ይባላል፤ በ1964 ነው በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው። ሕፃኑ ከጠባ በኋላ አንገቱን ያጣምማል፣ ጀርባውን ይለጥጣል፣ አንዳንዴ የሚጥል በሽታ ይመስላል። እዚህ ላይ ሪፍለክሱ ነው አንገቱን የሚያጣምመው። በሌላ አነጋገር አንገቱን ማስተካከል ምልክቱን እየነኩ ምክንያቱን መተው ይሆናል፤ ሪፍለክሱ ሲታከም አንገቱም ይስተካከላል። ትዕይንቱን በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪሙ ማሳየት ብዙ ምርመራ ያስቀራል።

የአመጋገብ ለውጥ፦ መጀመሪያ የሚሞከረው

ለእኔ ከሁሉም አማራጮች የሚበልጠው ይህ ነው። ምክንያቱን በቀጥታ ይነካል፣ አደጋ የለውም፣ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ሠራ አልሠራ ይታወቃል፣ ካልሠራም ምንም አልተከሰረም። ደግሞም ብዙውን ጊዜ በችኮላ የሚታለፈው እሱ ነው፤ ያ ያሳዝነኛል።

በጡጦ የሚመገብ ከሆነ በመጀመሪያ ስሌቱን ሥሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ወደ 150 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 600 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል ማለት ነው፤ በተግባር ግን ሲያለቅስ ሁሉ ጡጦ እየተሰጠው 800 ወይም 900 የሚደርስ አለ። የሚያለቅሰው ሆዱ ስለሞላ ሊሆን ይችላል፤ ጡጦው ደግሞ የበለጠ ይሞላዋል። የቀኑን መጠን በስሌቱ ልክ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ አዘውትራችሁ ስጡት። የጡጦው ጫፍ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ወተቱ ከመዋጥ ፍጥነቱ በላይ ይመጣል፤ ቀስ የሚያወርድ ጫፍ ቀይሩለት። በመሀል አቁማችሁ አስገሱት።

ጡት የሚጠባ ከሆነ ማጥባቱን ማቋረጥ መፍትሔ አይደለም። የጡት አያያዙን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። ወተቱ በኃይል የሚፈስባት እናት ወደ ኋላ ጋደም ብላ ብታጠባ ሕፃኑ ፍጥነቱን ራሱ ይቆጣጠረዋል።

ከተመገበ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደረታችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። የመኪና መቀመጫ ቀጥ ያለ ቢመስልም ሕፃኑ እጥፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሆዱ ይጨመቃልና ለዚህ አያገለግልም። የዳይፐሩን ወገብ አላሉለት፣ ሲጋራ በአጠገቡ አይጨስ።

ወተት ማወፈርና ወተት መቀየር

አመጋገቡ ተስተካክሎም ማስመለሱ ካልቀነሰ የወፈረ የዱቄት ወተት ቀጣዩ ደረጃ ነው። የሚታየውን ትውከት ይቀንሳል፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። አሲዱን ግን አያጠፋም። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 ዛንታን ጋም ያለበትን አንድ ማወፈሪያ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፤ ከከባድ የአንጀት መቁሰል ጋር ተያይዞ ነበር። በእህል ዱቄት ለማወፈር ከታሰበ ሩዝ በውስጡ ባለው አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ምክንያት ከሩዝ ይልቅ አጃ ይመረጣል። የታለበ የእናት ጡት ወተት ደግሞ በእህል ዱቄት ቢወፍር አይቆይም፤ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ያፈጨዋል።

አልጂኔት የተባለው ዱቄት ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ በላዩ የሚንሳፈፍ ንብርብር ይሠራል። የእንግሊዝ መንግሥት የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ጡት ለሚጠባና በጣም ለሚቸገር ሕፃን የአጠባቡ ሁኔታ ከታየ በኋላ ለ1 ወይም 2 ሳምንት እንዲሞከር ይመክራል። ከወፈረ ወተት ጋር አብሮ አይሰጥም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠረጠረው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው፤ በተለይ ሕፃኑ ቆዳው ላይ ኤክዚማ (የሚያሳክክ ሽፍታ) ካለው ወይም ሰገራው ደም ከታየበት። ከሪፍለክስ ጋር አንድ ይመስላል። ለ2 እስከ 4 ሳምንት በጡጦ ለሚመገበው ፕሮቲኑ የተሰባበረ ልዩ የዱቄት ወተት ይሰጣል፤ ጡት ለሚጠባው እናቱ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ትተዋለች። ካልተሻለው መልሳ ትብላ፤ ያለ ምክንያት ራሷን አትቅጣ። ከተሻለውም በሐኪም ምክር ወተቱን መልሶ መሞከር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጊዜው ያሻለውን ወተቱ ነው እያልን ለወራት እናስቀራለን። የፍየል ወተት ምትክ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ተቀራራቢ ነው።

የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት

እዚህ ላይ ከመድኃኒት ወገን የሚቆሙትንም አላስደስትም። በ2009 የታተመ ጥናት በሪፍለክስ የተጠረጠሩ 162 የሚያለቅሱ ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ፣ ለገሚሶቹ ላንሶፕራዞል የተባለ አሲድ መቀነሻ፣ ለገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ሰጠ። ከሁለቱም ወገን 54 በመቶ ተሻላቸው። ከባድ ችግሮች፣ በተለይ የሳንባ ኢንፌክሽን፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ይበልጥ ታዩ። አሲድ ለጀርም መከላከያ ነው፤ ሲቀንስ ዋጋ ያስከፍላል።

መድኃኒቱ ትውከት አያቆምም፤ የሚመለሰውን ወተት አሲድ ያነሰው ያደርገዋል እንጂ። የሚያቀረሽ ነገር ግን ክብደቱ ለሚጨምር ሕፃን ሳይሆን ጉሮሮው መቁሰሉ ለታወቀ ወይም መመገብ እምቢ ብሎ ክብደቱ ለቆመ ሕፃን ነው የሚገባው፤ ያም ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ከዚያ እየታየ። ለእነዚህ ሕፃናት ትልቅ እፎይታ ስለሚሰጥ ታዝዞላቸው ሳለ በፍርሃት መተውም ትክክል አይደለም። ራኒቲዲን የተባለው ሌላ አሲድ መቀነሻ ቤት ውስጥ የተረፈ ካለ አትጠቀሙበት፤ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ንጥረ ነገር ስለተገኘበት በ2020 ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ታዟል።

አተኛኘት

በአጭሩ፦ ሕፃን ሪፍለክስ ቢኖርበትም በጀርባው፣ ጠንካራና ሜዳ በሆነ ፍራሽ ላይ ይተኛ። በጀርባው ሲተኛ ትውከቱ ያንቀዋል የሚለው ፍርሃት ለመረዳት ቀላል ነው፤ የአየር ቧንቧው በጀርባ ሲተኛ ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ግን ፈሳሽ ሽቅብ ሄዶ ካልሆነ አይገባበትም። ዘንበል ያሉ የሕፃን አልጋዎች ሪፍለክስን አይቀንሱም፤ አንገት ወደ ፊት አጥፈው ትንፋሽ ሊያግዱ ስለሚችሉ አሜሪካ በ2022 በሕግ ከልክላቸዋለች። በሆድ ማስተኛት ነቅቶ ሰው እያየው ብቻ ነው።

እንደየሁኔታው

ሕፃናችሁ ከ6 ወር በታች ሆኖ ደስተኛ ከሆነ፣ ክብደቱም ከጨመረ፣ የመጠን ስሌቱንና ቀጥ አድርጎ መያዙን ብቻ ያዙ። ምንም አትግዙለት። ይህን ምክር መቀበል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምንም አለማድረግ ልጅን የተዉ ያህል ይሰማል። የተዋችሁት ግን አይደለም፤ እየተከታተላችሁት ነው።

የሚያለቅስ፣ የሚለጠጥ፣ ቢሆንም የሚያድግ ከሆነ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጠንና አያያዝ 2 ሳምንት፣ ከዚያ የወፈረ ወተት ወይም አልጂኔት 2 ሳምንት፣ ከዚያ የላም ወተት ማቆም እስከ 4 ሳምንት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ፤ ቢሻለው የትኛው እንደረዳው አታውቁም።

ክብደቱ ከቆመ ወይም ጡት ሲያይ የሚጮህ ከሆነ ራሳችሁ አትሞክሩ፤ የሕፃናት ሐኪም ይየው። አንገቱ ከተዛባ ፊዚዮቴራፒስት፤ ከጠባ በኋላ ብቻ የሚጣመም ከሆነ ደግሞ ሐኪም።

ቀጠሮ ከያዛችሁ

አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት ካይሮፕራክተር ጋ ቀጠሮ ይዛችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። አልወቅሳችሁም፤ ከድካም የመጣ ውሳኔ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙ ሕፃኑን አይቶት መሆኑን አረጋግጡ። ሰውየውን በእጁ ምን እንደሚያደርግ በትክክል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ አንገትን በፍጥነት ማዞር ወይም መግፋት ካለበት፣ ወይም ሕፃኑን ዘቅዝቆ መያዝ ካለበት አትፍቀዱ። ለአራስ ልጅ ራጅ እናንሳ ካለ አይሆንም በሉት። ለ10 ወይም ለ20 ቀጠሮ አስቀድማችሁ ክፈሉ ካለ፣ መድኃኒቱን አቁሙ ካለ ወይም ክትባት ይቅር ካለ ሕፃናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለማስመለሱ ሌላ ምን መንስኤ ሊኖር ይችላል ብላችሁም ጠይቁት፤ አረንጓዴ ትውከትንና የክብደት መቆምን ሳያነሳ ወደ አንገት ከዘለለ መልሱን አገኛችሁ።

በሄዳችሁበት ሁሉ አንድ ማስታወሻ ያዙ፦ በምን ሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ወሰደ ወይም ስንት ደቂቃ ጠባ፣ መቼ አስመለሰ፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ በየሳምንቱ ክብደቱ ስንት ሆነ። ሐኪሙ ከረጅም ገለጻ ይልቅ ከእንዲህ ያለ ገጽ ብዙ ያነባል። ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ካልተወው፣ ወይም ቆሞ የነበረው ማስመለስ ተመልሶ ከመጣ፣ ያ ከእንግዲህ የሕፃን ቅርሻት ስላልሆነ እንደ አዲስ ይመርመር።